በበጋ ሦስት፣ በክረምት አራት አንቀጽ

በነቀምቴ ከተማ ኦቦ ጉሉማ ጨመዳ አጥንቱን ያላዩት ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልወደቀም ወይ ገና አልሳለም ማለት ነበር።

የሆስፒታሉ የራጅ ባለሙያ ነበሩ። ባለሙያ ስል ብቻቸውን ማለቴ ነው። አንሺውም እሳቸው፣ አጣቢውም እሳቸው፣ ፊልሙ ሳይደርቅ እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ወደ ሐኪሙ የሚሮጡትም እሳቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ካርድ ክፍል ተቀጥሬ ነበር፤ የእኔ መስኮትና የእሳቸው በር ፊት ለፊት ነበሩ። ስለዚህ የምጽፈው ሰው የነገረኝን አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ ዓይኔ ያልደረሰበትን ደግሞ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። የራጅ ክፍሉና ፊልም የሚታጠብበት የጨለማው ክፍል የሚለያዩት በኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ ነበር፣ ኮምፔንሳቶ ይመስገን!

ኦቦ ጉሉማ ጣቶቻቸው ከኬሚካሉ የተነሳ ቡናማ፣ ዓይኖቻቸው ከጨለማ በወጡ ቁጥር ጥብብ የሚሉ ሰው ነበሩ። «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ሲሉ ፊት አያዩም፤ የሚያዩት ትከሻ ነው። የሰው ስም አይዙም፣ ስብራቱን ግን አይረሱም። አንድ ቀን ገበያ መሀል አንዲት ሴትዮ አቅፋ ስማቸው ስትሄድ «ማን ናት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ስሟን እንጃ፤ የግራ አንጓዋ ግን ቆንጆ አድርጎ ገጥሟል» አሉኝ።

ወልደገብርኤል የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተማችን ውስጥ ሱቅ የከፈተ። ደረቱን ራጅ እንዲነሳ ታዘዘለትና በማግስቱ አዲስ ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጸጉሩን ቅባት ተቀብቶ መጣ።

«ከወገብ በላይ ያውልቁ» አሉት ኦቦ ጉሉማ።

«ለፎቶው ብዬ አይደል እንዴ የለበስኩት!»

እያጉረመረመ አወለቀ። ፊልሙ ሲወጣ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ፣ ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «እኔ የታለሁ?» አለ።

«ይኸው፣ ይህ ሁሉ እርስዎ ነዎት።»

«ይህማ ማንም ሰው ሊሆን ይችላል!»

«ውስጥ ሲገባ እኮ ሰው ሁሉ ማንም ነው፣ አቶ ወልደገብርኤል። ሱቅዎም አይታይም» አሉት። ሰውየው ግን ሳይከፋው ሦስት ቅጂ ይታጠብልኝ፣ ለዘመድ እልካለሁ ብሎ ነበር የሄደው።

ቆይ፣ እንዲህ እያልኩ ስለ ደንበኞቻቸው ብቻ ብጽፍ ወረቀቴ ያልቃል። ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ዋናው ነገር የጨለማው ክፍል ነው።

በዚያ ዘመን የራጅ ፊልም በእጅ ነበር የሚታጠበው። ቀይ አምፖል ብቻ በሚበራበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልሙ ካሴት ከሚባለው መያዣው ይወጣል፤ በብረት መስቀያ ላይ ይወጠርና መጀመሪያ ሥዕሉን በሚያወጣው ኬሚካል፣ ከዚያ በውኃ፣ ከዚያ ሥዕሉን በሚያጸናው ኬሚካል ይነከራል። ምስጢሩ ሁሉ የመጀመሪያው ገንዳ ላይ ነው። ቶሎ ያወጡት ፊልም ጭጋግ ይመስላል፤ የቆየው ደግሞ ከሰል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት፤ እሷን የሚለካ ሰዓት ያስፈልጋል።

ሰዓት ነበረ። ሚሲዮኖቹ ትተውት የሄዱት፣ ጊዜው ሲደርስ የሚጮህ ሰዓት። አንድ ቀን ጮኸ ጮኸና ዝም አለ፤ በዚያው ቀረ። ሌላ እንዲላክ ወደ አዲስ አበባ ተጻፈ። «ሰዓት የቢሮ ዕቃ ስለሆነ በቢሮ ዕቃ ቅጽ ይጠየቅ» የሚል መልስ መጣ። በቢሮ ዕቃ ቅጽ ተጠየቀ። «ለራጅ የሚያገለግል ሰዓት የሕክምና መሣሪያ ስለሆነ…» ከዚህ በኋላ ያለውን አንባቢ ራሱ ይሙላው።

ሐኪማችን ዶክተር ተድላ ቸር ሰው ስለነበሩ የእጅ ሰዓታቸውን አዋሱ። ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ፣ የሚያምር ሰዓት። ለካ ያ የሚያበራው ነገር ፊልም አይወድም! በዚያ ሳምንት የተነሱት ሳንባዎች ሁሉ ነጠብጣብ ወጣባቸውና ግማሽ ከተማ የሳንባ በሽተኛ ሊባል ሲል፣ ሰዓቱ ራሱ ከኦቦ ጉሉማ እርጥብ እጅ አምልጦ ገንዳው ውስጥ ገባና ከተማዋን ገላገላት።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። «ኢንተሎ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየሽ በአራተኛው ደቂቃ በሬን አንኳኪ» አሉኝ። ኢንተሎ የሚሉኝ በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ» ለማለት ነው፤ ስሜ ሐረጌ ነው። አንድ ሁለት ቀን ደህና አንኳኳሁ። በሦስተኛው ቀን በመኪና ተጭነው የመጡ ሰዎች መስኮቴን ሲከቡኝ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ትዝ አለኝ። ኦቦ ጉሉማ ፊልሙን ይዘው ወጡና ወደ ብርሃን አነሱት። «ሐረጌ፣ ይህ ሰውዬ ደረት የለውም፤ ያለው ሌሊት ነው» ብለው ሥራዬን በሰላም ነጠቁኝ።

ለምን አይቆጥሩም ይሉ ይሆናል። ቆጥረዋል! ጨለማ፣ ሙቀት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… መቶ ሳይደርሱ ቆመው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

በመጨረሻ መፍትሔው ከገዛ ጉሮሯቸው ወጣ። ኦቦ ጉሉማ በጸሎት ቤታቸው የመዘምራን መሪ ነበሩ፤ አንድ ረጋ ያለ የኦሮምኛ መዝሙር ነበረቻቸው። ሞክረው ሞክረው ደረሱበት፦ በበጋ ከነአዝማቹ ሦስት አንቀጽ፣ በክረምት ኬሚካሉ ስለሚቀዘቅዝ አራት። ነሐሴ ላይ ብርዱ ሲብስ «አሜን»ዋን ትንሽ ያስረዝሟታል። ዶክተር ተድላ ከወጡት ፊልሞች አንዱን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «እኔ በተማርኩበት አገር እንኳ እንዲህ የጠራ አላየሁም» አሉ። ኦቦ ጉሉማ ያን ቀን ወደ ቤታቸው የሄዱት ዋናውን መንገድ ትተው ሰው በሚበዛበት በገበያው በኩል ነው።

እንዲህ ብዙ ዓመት ኖርን። ከዚያ ዘመኑ እንደሚታወቀው ሆነና ጸሎት ቤታቸው ታሸገ። መዝሙር የሚሰማበት ቦታ በከተማው ጠፋ፤ ከአንድ ቦታ በቀር። ቀስ በቀስ የራጅ ክፍሉ አግዳሚ ወንበር መሙላት ጀመረ። እኔ ካርድ ጸሐፊ ነኝ፤ ካርድ ያላወጣ ሰው ዓይኔን ይቆረቁረዋል። ወጥቼ አኮ በቀለችን፣ እኚያን የሰፈራችንን አሮጊት፣ ጠየቅኋቸው።

«አኮ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

«እኔን? ጠላቴን ይመመው! ምንም።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ፊልም።»

«የማንን ፊልም?»

«የማንም ይሁን፤ የሰው አይደለም እንዴ! ዛሬ ስንት ሰው ይነሳል?»

«ስምንት።»

«እልል በይ!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ይህን ጓድ ሞረዳ ሳያየው አልቀረም። ጓድ ሞረዳ የሆስፒታሉ የፖለቲካ ኃላፊ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ከደረት ኪሱ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ፣ ሲናገር ሰባት ሰው ፊቱ ባይኖርም ሰባት መቶ እንዳለ አድርጎ የሚናገር ጎልማሳ። ክፉ ነበር አልልም። ቢላ የምትባለው የገጠር ከተማ ልጅ ነው፤ ያደገው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው፤ እናቱ አዴ ድርቤ ደግሞ የቢላ ጸሎት ቤት ምሰሶ ናቸው ይባላል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሁላችንም እንደማናውቅ እንሆን ነበር፤ ከሁላችን ይልቅ እንደማያውቅ የሚሆነው ግን እሱ ነበር።

በ1975 ሐምሌ ላይ ነው፣ የጨለማውን በር አንኳኳ።

«ኦቦ ጉሉማ፣ እዚያ ውስጥ ምን እየሠሩ ነው?»

«ፊልም እያጠብኩ ነው፣ ጓድ።»

«መዝሙር ሰምቻለሁ።»

«እሱ ሰዓቱ ነው።»

«ሰዓት ይዘምራል እንዴ?»

«ዋናው ሲሰበር ምን ያድርግ?»

ፊልሙ አልቆ በሩ ሲከፈት ጓድ ሞረዳ ገባ። መጀመሪያ ዓይኑን የሳበው አምፖሉ ነበር፤ ፊቱ በራ። «ይህን ቀይ መብራት መቼ ነው ያስገባችሁት?» ሲል ጠየቀ።

«በንጉሡ ዘመን» አሉ ኦቦ ጉሉማ፣ እውነት ተናጋሪ ስለሆኑ። ሰውየው ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረና ተወው።

በማግስቱ ደብዳቤ ደረሳቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሃይማኖታዊ መዝሙር መዘመር የተከለከለ መሆኑ፣ ሠራተኛው አንድ ጊዜ እንኳ ሲዘምሩ ቢሰሙ ወደ ጊዳ አያና ጤና ጣቢያ ተዛውረው የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ እንደሚሆኑ ይገልጻል።

«ጊዳ አያና ራጅ የለም እኮ» አሉት ኦቦ ጉሉማ።

«ለዚያም ነው» አለ ጓድ ሞረዳ። «ለሥራው ዜማ የግድ ካስፈለገ ደግሞ የአብዮት መዝሙር ሞልቷል። የሰልፍ ዜማ አለ። እሱን ይጠቀሙ።»

አሥራ ሰባት ዓመት በዚያች ክፍል ውስጥ የኖረን ሰው አስቡ። ሌላ ሙያ የላቸውም፣ ሌላም አይፈልጉም። ደብዳቤውን አራት እጥፍ አጥፈው ኪሳቸው አስገቡና፣ «እንግዲህ እንሰለፋለን» አሉኝ።

ወይ ጉድ! የሰልፍ ዜማው ለእግር የተሠራ ነው እንጂ ለገንዳ አይደለም። ኦቦ ጉሉማ እየዘመሩ ሳያውቁት በቆሙበት ይረግጣሉ፤ እሳቸው ሲረግጡ ኬሚካሉ ይፈናጠቃል። ግጥሙን ደግሞ ከሁለት ስንኝ በላይ አያውቁትም። ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ «ታ-ራ-ራም» እያሉ ይቀጥሉና ከየት እንደተነሱ ይጠፋቸዋል። ፊልሞቹ ነጭ ሆነው ወጡ። እንዳይነጡ ሁለት ጊዜ ሲደግሙት ጠቆሩ።

«በሆድዎ አይዘምሩትም፣ የድሮውን?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ሞከርኩ፣ ኢንተሎ። በሆድ ሲዘመር ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ የለም፤ ሳላውቀው ሮጬ እጨርሰዋለሁ።»

ረቡዕ የውይይት ክበብ ላይ ጓድ ሞረዳ ተነስቶ፣ በራጅ ክፍል ውስጥ ፊልም እየተበላሸ መሆኑን፣ ይህም አሻጥር ሊባል የሚችል መሆኑን ተናገረ። «አሻጥር» የምትለዋ ቃል በዚያን ጊዜ የምታስቅ ቃል አልነበረችም። ኦቦ ጉሉማ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን ያዩ ነበር። ቢዘምሩ ጊዳ አያና ነው፤ ባይዘምሩ አሻጥረኛ።

በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ ዶክተር ተድላ ሊያጽናኗቸው ብለው ከውጭ ይዘውት የመጡትን የሕክምና መጽሔት ከፈቱላቸው። አንድ ግዙፍ ቀለበት የሚመስል መሣሪያ፣ ከጎኑም የሰው ጭንቅላት ሥዕል ነበረበት፤ አጥንቱ ሳይሆን ውስጡ፣ አንጎሉ ከነእጥፋቱ።

«ጨረር የለውም፣ ኦቦ ጉሉማ። ማግኔት ነው። ሰውየው ቧንቧው ውስጥ ይተኛል፤ ጅማቱን፣ አንጎሉን፣ ለስላሳውን ነገር ሁሉ ያሳያል። ገና አዲስ ነው።»

ኦቦ ጉሉማ መጽሔቱን እንደ ልማዳቸው ወደ መስኮቱ አነሱት፤ ወረቀት ስለሆነ ከጀርባው ያለው ማስታወቂያ ብቻ ታያቸው። «ማን ነው ያጠበው?»

«ማንም አያጥበውም። ኮምፒውተር ነው የሚያወጣው፣ በቴሌቪዥን ላይ።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?»

«ግማሽ ሰዓት… አርባ ደቂቃም ይሆናል።»

«አርባ ደቂቃ! ታዲያ እሱ መዝሙር አይበቃውም፤ ስብከትም ይፈልጋል!» ሳቁ። ከዚያ መጽሔቱን ቀስ ብለው ዘጉት። «ይህ ነገር ነቀምቴ ሲገባ እኔ ጊዳ አያና የብርድ ልብስ ቆጣሪ ሆኜ ነው የምሰማው።»

ነሐሴ ገባ፤ ዝናቡ መንገዱን ገመሰው። አዴ ድርቤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቢላ ተነስተው ሲመጡ፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ቆመና የተጠበሰ በቆሎ ሊገዙ ወረዱ። ጭቃው አዳለጣቸውና በዳሌያቸው ወደቁ። በቆሎውን ግን አልጣሉትም፤ ሆስፒታል ሲደርሱም በእጃቸው ነበር። ጓድ ሞረዳ እናቱን ታቅፎ ነበር ያስገባቸው። ሁለቱ እስክሪብቶዎች በኪሱ አልነበሩም፤ የሆነ ቦታ ወድቀዋል።

ዶክተር ተድላ እግራቸውን ነካ ነካ አድርገው አዩና ጓድ ሞረዳን ወደ ጎን ወሰዱት። «ዘመዶችህ ቢላ ወጌሻ አለ፣ ይታሽላት እያሉ ነው። የጭኗ አጥንት አንገት ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ማሸት ማለት አጥንቱን መለያየት ነው፤ ከዚያ በኋላ አትራመድም። ስንጥቅ ከሌለ ደግሞ ለሁለት ለሦስት ወር በከንቱ አልጋ ላይ አላስራትም። ራጁ ይንገረን።»

የመጀመሪያው ፊልም በሰልፍ ዜማ ታጠበ። ነጭ። ዳሌው አለ ቢባል አለ፣ የለም ቢባል የለም። ሁለተኛው ዝም ተብሎ በግምት ታጠበ። ጥቁር። ለዳሌ የሚሆን ትልቅ ፊልም በሳጥኑ ውስጥ አንድ ብቻ ቀረ፤ ሌላው የሚመጣው መስከረም ላይ ነው። ወጌሻ ፈላጊዎቹ ዘመዶች ደግሞ መኪና ተኮናትረው በር ላይ ቆመዋል።

እኔ አዴ ድርቤን ጠረጴዛው ላይ ደግፌያቸው ነበር። ወንዶቹ ሁለት ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆመው የምንሰማ አልመሰላቸውም።

«ኦቦ ጉሉማ» አለ ጓድ ሞረዳ፣ ድምፁ የሰባት መቶ ሰው ሳይሆን የአንድ ሰው ሆኖ። «ያንን… ያንን ሰዓት ይጠቀሙ።»

«የቱን ሰዓት፣ ጓድ?»

«ያውቁታል።»

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፤ እስክሪብቶ የለም። ቢኖርስ ምን ብሎ ሊጽፍ!

«እናቴ ናት እኮ፣ ኦቦ ጉሉማ!»

«አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ትሁን። ግን ይኸው ደብዳቤዎ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። አንድ ጊዜ ቢሰማ ይላል። በር ላይ ያሉት ሰዎች ጆሮ አላቸው፤ እርስዎ ዛሬ ቢምሩኝ ነገ ለምን ማርክ ይሉዎታል። እኔ አልዘምርም። ገብተው አብረውኝ ይቁሙ። ሌላው ቢቀር ፊልሙ ሲበላሽ ምስክር ይሆኑኛል።»

ኦቦ ጉሉማ አዴ ድርቤን ራጅ አነሷቸውና ካሴቱን ይዘው ሁለቱ ወንዶች ጨለማው ክፍል ገቡ። በሩ ተቆለፈ። ፊልሙ ከካሴቱ ሲወጣ፣ መስቀያው ላይ ሲወጠር ተሰማኝ። ወደ ገንዳው ሲገባ ግን አልሰማሁም።

«ምንድን ነው የሚጠብቁት?» አሉኝ አዴ ድርቤ።

«መዝሙር ነው፣ እናቴ» አልኩና የሆነውን በሁለት ቃል ነገርኳቸው፤ የመዝሙሯንም ስም ጭምር።

«ይኸው ነው?» አሉ። «ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የገላበጣችሁኝ? ኦቦ ጉሉማ! ንከረው!»

ከግድግዳው ወዲያ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ፊልሙ ገንዳው ውስጥ ገባ። አዴ ድርቤም በጀርባቸው እንደተኙ፣ በቆሎዋን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ጀመሩ።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ የቢላ አዘማመር ነው! እያንዳንዷን ቃል እንደ ልጅ እያባበሉ ነው የሚያወጧት። ገና የመጀመሪያው ስንኝ መሀል ሳይደርሱ ኦቦ ጉሉማ ከውስጥ ጮኹ።

«ኧረ አዴ ድርቤ፣ ፈጠን! ቢላ አይደለንም!»

«መዝሙር ይሮጣል እንዴ?»

«ሊጠቁር ነው!»

«እኔ ከዚህ በላይ አልችልም፤ ዳሌዬ ተሰብሯል!»

«እንግዲያው የሚችል ሰው ያግዝዎ! እኔ አፌ ተይዟል!»

ከጨለማው ውስጥ አንድ ወፍራም፣ የተማረ፣ በትምህርት ቤት መዘምራን የተገራ የወንድ ድምፅ ተነሳና የአሮጊቷን ድምፅ ከሥሩ ያዘው። አልገፋትም፤ እንደ ጥሩ ሹፌር ወደ ነቀምቴ ፍጥነት አስገባት። የኦቦ ጉሉማ ድምፅ አልነበረም። የእሳቸውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ጫፍ ላይ ይሰነጠቃል።

አዴ ድርቤ መዝሙሩን ሳያቋርጡ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ግን ቆም አሉ። «ሞረዳ! እዚያ ጋ ዝቅ ነው የሚለው፤ ከልጅነትህ ጀምሮ እየነገርኩህ!»

«እሺ፣ እማ» አለ ጨለማው።

ሦስተኛው አለቀ። ወፍራሙ ድምፅ ጨረስኩ ብሎ ዝም አለ።

«ክረምት ነው፣ ጓድ!» ጮኹ ኦቦ ጉሉማ። «አራተኛው!»

አራተኛውም ሆነ። «አሜን»ዋን እንደ ነሐሴ ደንብ አስረዘሟት። ከኮሪደሩም «አሜን» ያለ ሰው ነበረ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተያዘም።

ፊልሙ እየተንጠባጠበ ወጣ። ዶክተር ተድላ ወደ መስኮቱ ወሰዱት፤ ሁላችንም ከኋላቸው ተኮለኮልን። አጥንቱ እንደ ጨረቃ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አንገቱ ላይ ደግሞ አንዲት መስመር አለች፣ የጸጉር ዘለላ የምታህል፣ በጭጋጉም በከሰሉም ውስጥ ልትታይ የማትችል።

«ተሰንጥቋል፤ ግን ቦታውን አልለቀቀም» አሉ ዶክተር ተድላ። «ወጌሻ አይነካትም። ትተኛለች፣ ትድናለች።» በር ላይ የቆመችው መኪና ባዶዋን ወደ ቢላ ተመለሰች።

ጓድ ሞረዳ ከጨለማው ክፍል ሲወጣ ዓይኖቹን እያሻሸ ነበር፤ ኬሚካሉ ያቃጥላል፣ አዎ። ማንንም ሳያይ ሊያልፍ ሲል ኦቦ ጉሉማ መንገዱ ላይ ቆመው ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ።

«ጓድ፣ ለመዝገብ ያህል ነው፤ እኔ አልዘመርኩም።»

«አልዘመሩም» አለ ጓድ ሞረዳ። ደብዳቤውን ተቀበላቸውና አጥፎ በራሱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

ሰኞ ጠዋት አዲስ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም የተመታበት። እኔ ራሴ ነኝ ፈርሜ የተቀበልኩት፤ ስለዚህ ቃሉን አስታውሰዋለሁ። «ጉዳዩ፦ የጊዜ መለኪያ ድምፅን ይመለከታል። በራጅ ክፍል የሚታጠቡ ፊልሞች ጥራት እንዲጠበቅ፣ ሰዓት እስኪገዛ ድረስ፣ ለጊዜ መለኪያነት የሚያገለግል ማንኛውም ድምፅ በሠራተኛው ምርጫ ሊሰማ የሚችል መሆኑን እናስታውቃለን።» ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ፣ «በአግዳሚው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ግን ካርድ ማውጣት አለባቸው» ይላል። ያን ሳምንት አኮ በቀለች የመጀመሪያ ካርዳቸውን አወጡ። በሽታ በሚለው መስመር ላይ ምን ልጻፍ ስላቸው፣ «ፊልም» አሉኝ፤ ጻፍኩት።

ኦቦ ጉሉማ ደብዳቤውን በመስታወት አስገብተው ከቀዩ አምፖል ሥር ሰቀሉት፣ ማንም ሊያነበው በማይችልበት ቦታ።

አዴ ድርቤ ኅዳር ላይ በምርኩዝ ተነሱ። ወደ ቢላ ሲመለሱ ፊልሙን እንደ ሠርግ ፎቶ በጨርቅ ጠቅልለው ወሰዱት። ኦቦ ጉሉማ አውቶቡሱ ድረስ ሸኟቸው። አዴ ድርቤ በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ «መልካም ሰው ነህ፤ እናንተ የነቀምቴ ሰዎች ግን አውቶቡስ የሚያመልጣችሁ ይመስል ነው የምትዘምሩት» አሏቸው።

«ልጅዎ ግን ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ታርሟል» አሉ ኦቦ ጉሉማ።

እውነታቸውን ነበር። ጓድ ሞረዳ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ዓርብ የጨለማውን ክፍል ለመቆጣጠር ይገባ ነበር። በሩ ይቆለፋል፤ ቁጥጥሩም በክረምት አራት አንቀጽ፣ በበጋ ሦስት ይፈጃል።